ዳንግላ በብስክሌት የገባን ዕለት

ባለፈው ማክሰኞ እንጅባራ፣ ከልጄ ቤት ደጃፍ፣ የአንድ ባጃጅ ጎማ ተነፈሰ። ጎሚስታው እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጢጥ ብሎ የውስጡን ጎማ አወጣ፤ የተበሳውን ቦታ ፈግፍጎ ማስቲሽ ቀባው። እኔ አጥሩ ሥር ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር። ሽታው ሲደርሰኝ ምርኩዜን ይዤ ተነሣሁና አጠገቡ ሄጄ ቆምሁ። «እማማ፣ ምን ልርዳዎት?» አለኝ። «ምንም። ሥራህን ሥራ፤ ላሽትተው ብዬ ነው» አልሁት። እሱና ባለ ባጃጁ ተያይተው ፈገግ አሉ። ይበሉ። ባለቤቴ ሽፈራው ካረፈ ሰባት ወሩ ነው። ልብሱን ለነዳያን ሰጥተናል፤ ትራሱም ታጥቧል፤ ቤቱ ውስጥ የእሱ የሆነ ሽታ ከጠፋ ሰነበተ። ለካ በጎሚስታ የማስቲሽ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ማታ ደብተር አስገዛሁ። እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ በቀን አንድ ገጽ ከሞላሁ ጎበዝ ነኝ። ግን የምጽፈውን አውቀዋለሁ።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ በአንዲት ክፍል የኪራይ ቤት እንኖር ነበር። ሽፈራው ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነው፤ ጣቶቹ ከቀለም ነጽተው አያውቁም። እኔ አስተማሪ ነኝ። ሻይ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ሽፈራው ግን ሻዩን ትቶ ለብስክሌቱ ዘይት ይገዛ ነበር። እሑድ እሑድ ሰው ፈረሱን እንደሚያጥብ ያጥባታል። ይህን ማየቴ ይሆናል ልቤን የወሰደው፤ እኔ የፈረሰኛ ልጅ ነኝና። ከተጋባን አራት ዓመት ሆኖን ነበር። የተጋባነው ግን ያለ አባቴ ፈቃድ ነው። ይህን በቀላሉ የምጽፈው አሁን ስለሆነ እንጂ ያኔ በዳንግላ ቀላል ነገር አልነበረም። አባቴ ልየው እርሻው ከዳንግላ ከተማ ዳር ነው። እናቴ ገና ሳልጠነክር ስለሞተች ያሳደጉኝ እሱና እታለም የምላት እኅቱ ናቸው። አባቴ አያ ጥሩነህ ከሚባል ጎረቤቱ ጋር ከጎረምሳነት ጀምሮ ጎን ለጎን ጋልቧል፤ በዓል ሲሆን ጉግስ ሲጫወቱ የአንዱ ፈረስ ያለ ሌላው አይነሣም ይባል ነበር። አንድ ቀን ሁለቱ ከገበያ ሲመለሱ፣ ኮርቻ ላይ እንዳሉ፣ አባቴ እኔን ለአያ ጥሩነህ ልጅ ለአበረ ሊሰጥ ቃል ገባ። በእኛ ዘንድ ፈረስ ላይ ሆነው የሰጡት ቃል በወረቀት ከተጻፈው ይጠብቃል። እኔ አዲስ አበባ ትምህርት ላይ ነበርሁ፤ ቃሉን የሰማሁት ሽፈራውን ካገባሁ በኋላ ነው። ለአባቴ ስድስት ደብዳቤ ጻፍሁለት። አንድም አልመለሰም። የመለሰችልኝ እታለም ናት፤ በአንድ ነጋዴ አፍ «ሁለቱ ሽማግሎች አይነጋገሩም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በተለያየ በር ነው የሚገቡ» ብላ ላከችብኝ።

በአራተኛው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ማተሚያ ቤቱ ለሽፈራው የአንድ ወር ዕረፍት ሰጠው። «ዓባይ ከጣና ሲወጣ ማየት አለብኝ» አለ። «በአውቶቡስ እንሂዳ» አልሁት። «በአውቶቡስ የሄደ ሰው መስኮቱን ነው የሚያውቀው፤ መንገዱን አያውቀውም» አለኝ። የባሕር ዳር መንገድ በዳንግላ እንደሚያልፍ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አንዳችንም አላነሣነውም። ለእኔ ከሥራ ባልደረባው አንዲት አረንጓዴ ብስክሌት ተዋሰልኝ። እግሬ አልደርስ ቢል ፔዳሉ ላይ እንጨት አሰረበት። ጃንሜዳ ሦስት እሑድ ወድቄ አራተኛው ላይ ቀጥ አልሁ። የእሱን ካኪ ሱሪ ከቀሚሴ ሥር ታጥቄ፣ ሸራ ጫማ ተጫምቼ፣ ከተማ ስንደርስ ቀሚሴን አውርጄ፣ ከተማ ስንወጣ ወገቤ ላይ አስሬ ነዳሁ። የኋላ መጫኛው ላይ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ መንፊያ፣ የጎማ ልጣፊና አንድ ቆርቆሮ ማስቲሽ ነበር። የዓባይን በረሃ ስንወርድ ፍሬናችን ጨሰ፤ ስንወጣ ከጠዋት እስከ ማታ ገፋን። ደብረ ማርቆስ አንዲት ባልቴት አስቁመውኝ፣ «ልጄ፣ ከዚህ ነገር ውረጂ፤ ማሕፀንሽን ያበላሸዋል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወልጃለሁ። ቡሬ በአሥር ሳንቲም ሦስት እንቁላል በላን። ጠጅ ቤት የነበረው ማሲንቆ መቺ ስለ እኔ ሱሪ የገጠመውን ግን አልጽፈውም፤ ልጆቼ ያነቡታል።

ጥሊሊ የደረስነው በገበያ ቀን ነው። ድንች ሻጮቹ መንገዱን ሞልተውታል፤ አንዴ በአዊኛ አንዴ በአማርኛ ይጠራሉ። ከመካከላቸው አንዲቷ በአዊኛ ለጎረቤቷ፣ «እይ፣ ይቺ ምስኪን የተቀመጠች መስሏት በእግሯ ትሄዳለች» አለቻት። አፌን የፈታሁበት፣ አራት ዓመት ግን ያልተናገርሁበት ቋንቋ ነው። ሳላስበው፣ «አንቺስ የቆምሽ መስሎሽ ድንችሽን ትረግጫለሽ» አልኋት። ሴትዮዋ እግሯ ሥር አየች፤ እውነትም ረግጣዋለች። ገበያው በሳቅ አለቀ። ሽፈራው ቋንቋውን ባይሰማም አብሮ ሳቀ። ከዚያ የዘንገናን ሐይቅ ወደ ጎን ትተን፣ በቀርከሃው መካከል፣ ያኔ ኮሶ በር እንለው ወደነበረው ወደዛሬው እንጅባራ ገባን። ዛሬ ዩኒቨርሲቲና ቢሮ የሞላበት ከተማ፣ በዚያ ጊዜ ጥቂት ቆርቆሮ ቤትና ብዙ ጉም ነበር። ብርዱ ግን ያው ነው፤ ብርዱ አልተለወጠም። በዚያ ሌሊት ባደርንበት ቤት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዳንግላ ለመግባት አንድ ቀን ቀርቶናል። ይቅርታ እንኳ አልፈለግሁም፤ የፈለግሁት ከአባቴ አፍ አንድ ቃል መስማት ነው። እርግማንም ቢሆን ይዤው እኖራለሁ። ዝምታ ግን በየት በኩል እንደሚያዝ አላውቅበትም። ጠዋት፣ «ቢያባርረንስ?» አልሁት ለሽፈራው። ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫን ተጫን እያደረገ፣ «ካባረሩን መንገድ ላይ ነን፤ እንቀጥላለን» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ዳንግላ ለመድረስ ትንሽ ሲቀረን አንዲት ወንዝ አለች። እዚያ ወርጄ ፊቴን ልታጠብ፣ ሱሪውን ላውልቅ፣ ጸጉሬን ላስተካክል አልሁ፤ አባቴ ፊት አቧራ ለብሼ አልቆምም። ሽፈራውን፣ «ቀስ እያልህ ሂድ፤ ከተማው መግቢያ ላይ ጠብቀኝ» አልሁት። ከመንገድ ዳር አደይ አበባ ነቅሎ መሪው ላይ አስሮ ነበር። ለዐማቱ ቤት ባዶ እጁን እንዳይሄድ መሆኑ ነው። ለአራት ዓመት ስለ ዳንግላ የነገርሁት ነገር ቢኖር የፈረሶቹን ነገር ነው። ጉግሱን፣ የኮርቻውን ጌጥ፣ ግላስ የሚባለውን ቀይና ቢጫ የፈረስ ልብስ፣ ሜዳው ላይ የሚነሣውን አቧራ ነግሬዋለሁ። አንድ ነገር ግን ሳልነግረው ቀርቻለሁ። የእኛ ሀገር ፈረሰኛ ለደስታ የሚያጌጥበትን ፈረስ ለለቅሶም ያጌጥበታል። ሰው ሲሞት ፈረሰኞች በየወገናቸው ለቅሶ ሜዳው ላይ ይጋልባሉ። የሟቹ ፈረስ ተሸልሞ፣ ኮርቻው ባዶውን፣ ከፊት ይሳባል። ከሩቅ ሲያዩት ጉግስ ነው። ልዩነቱን የሚያውቅ የጋላቢዎቹን ነጠላ ያያል፤ ተዘቅዝቆ ነው የሚለበሰው። ይህ ለእኛ ከእናት ጡት ጋር የሚገባ ነገር ስለሆነ ይነገራል ብዬ አላሰብሁም። ጥፋቱ የኔ ነው። ሽፈራውም እስኪያርፍ ድረስ በሰው ፊት ሲሆን «ጥፋቱ የእሷ ነው» ይል ነበር።

ከወንዙ ወጥቼ ከፍታው ላይ ስደርስ የሽፈራውን ደወል ሰማሁ። ቅጭል ቅጭል ያደርገዋል። ሜዳው በፈረስ ሞልቷል፤ አቧራው ወጥቷል፤ ግላሱ በፀሐይ ያበራል። ሽፈራው መንገዱን ትቶ፣ አበባውን እንዳሰረ፣ በደስታ እየደወለ ወደ መካከሉ ገባ። እኔም ለቅጽበት ጉግስ መሰለኝ። ከዚያ ባዶውን ኮርቻ አየሁት። ኮርቻውን አወቅሁት፤ የአያ ጥሩነህ ነው። ብስክሌቴን መንገድ ላይ ጥዬ ሮጥሁ። ከመድረሴ በፊት አንድ ፈረስ ከደወሉ ደንብሮ ጌታውን ጣለው፤ ሌሎቹ ተተራመሱ፤ ለቅሶው ቀጥ አለ። አንዱ ዱላ አነሣ። «ያዙት፤ ምን ዓይነት ባለጌ ነው» የሚል ድምፅ ከወዲያ መጣ። የፈረሰኞቹ አለቃ፣ ሽበታም ሰውዬ፣ ፈረሳቸውን ነድተው ከሽፈራው ፊት ለፊት አቆሙ።

«የማን ፈረሰኛ ነህ?» አሉት።

ሽፈራው ሁለት እግሩን መሬት አስነክቶ፣ «ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት» አለ።

«አገርህን አልጠየቅሁህም። የማን ነህ ነው የምልህ።»

በዚያ ሜዳ የሚጋልብ ሰው ሁሉ የአንድ ቤት ወገን መሆን አለበት። ወገን የሌለው ፈረሰኛ የሰው ለቅሶ አይገባም፤ ከገባም እንደ ንቀት ነው የሚቆጠረው። ሽፈራው ዙሪያውን አየ። መልሱን አያውቀውም። እኔ አውቀዋለሁ። ግን በዚያ ሜዳ ላይ የሴት ምስክርነት አይሰማም፤ ቢሰማስ ምን ልል ነው? ይህ ሬሳቸው ሳይወጣ አበባ አስሮ የመጣው ሰው፣ አያ ጥሩነህ ከወዳጁ ተቆራርጦ የሞተው በእሱ ምክንያት ነው ልበል? አፌን ከፈትሁ። በዚህ ጊዜ ከኋላዬ፣ ከሜዳው ዳር ካለ ዋርካ ሥር፣ ድምፅ መጣ።

«የኔ ነው።»

አባቴ ነበር። ፈረሱን ሸልሞ፣ ልጓሙን ይዞ ቆሟል፤ አልተቀመጠበትም። እታለም በኋላ እንደነገረችኝ ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ ቆሞ ነው የዋለ። ወደ ሜዳው አይገባ፣ ወደ ቤቱ አይመለስ።

የፈረሰኞቹ አለቃ ዘወር ብለው አዩት። «ልየው፣» አሉ፣ «አንተስ ራስህ የማን ሆነህ ነው እዚያ የቆምህ?»

ከባድ ቃል ነው። አባቴ ፈረሱን እየሳበ ወደ መካከል ገባ። በአጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም። «እኔ የጥሩነህ ነኝ» አለ። «ቃሌን አጥፌበት ነው የሞተ። ልታረቀው ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል ቀደመኝ። አማቼ ሳያውቅ ገባ፤ እኔ እያወቅሁ ፈርቼ ቆምሁ። የምትቀጡ ከሆነ እኔን ቅጡ።»

አማቼ አለ። ጆሮዬን ነው የተጠራጠርሁት።

ሁሉም ሰው አበረን አየ። የሟቹ ልጅ ነው፤ የአባቱን ፈረስ ልጓም ይዞ ቆሟል። ለእኔ ታጭቶ የነበረው እሱ ነው፤ ቂም መያዝ መብቱ ነው። አባቴን አየው፣ ሽፈራውን አየው፣ መሪው ላይ ያለውን አበባ አየው። ድምፁ ከለቅሶ ጎርንኖ፣ «ፈረሰኛ ለቅሶ ከገባ አይቆምም» አለ። «ሦስት ዙር ነው። ይዙር።»

አባቴ ፈረሱ ላይ ወጣ። ሽፈራው አበባውን ፈትቶ ኪሱ ከተተውና ከኋላው ተከተለ። ያ ሜዳ ዛሬ ሱቅ ተሠርቶበታል፤ ከመካከሉ የኔትወርክ ማማ ቆሞበታል፤ ሚኒባሶቹ በጎኑ እየጮሁ ያልፋሉ። ያኔ ግን ክረምት የጠጣ፣ የፈረስ ኮቴ የቦጨቀው ሣር ነው፤ ለብስክሌት የሚሆን አይደለም። ሽፈራው የመጀመሪያውን ዙር እንደምንም ጨረሰ። በሁለተኛው ጉድጓድ ይዞት በአፍ ጢሙ ተደፋ። ከሴቶቹ በኩል የታፈነ ሳቅ ሰማሁ፤ በለቅሶ መካከል የሚመጣው የማይያዘው ሳቅ ነው። ጭቃውን ሳይጠርግ ተነሥቶ ቀጠለ። አባቴ ፈረሱን ገታ አድርጎ ጠበቀው። በሦስተኛው ዙር ሌሎቹ ፈረሰኞችም ከኋላ ገቡ። አስለቃሿ በአዊኛ ስታስለቅስ ቆይታ፣ እንግዳው እንዲሰማት ነው መሰለኝ፣ ወደ አማርኛ መለሰችው፦

ሣር አይግጥ፣ ገብስ አይበላ፣ ጉደኛ ፈረሱ፤
ከሸዋ ድረስ መጣ መርዶህን ቢያደርሱ።

መርዶ ያደረሰን ማንም አልነበረም፤ ለግጥም ግን ይህ ምኑም አይደለም። ሕዝቡ እንደገና አለቀሰ። ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ አባቴ ወረደና የአያ ጥሩነህን ባዶ ኮርቻ አቅፎ ጮኸ። አበረ ፈረሱን እንዳይንቀሳቀስ አጥብቆ ያዘለት።

ሠልስቱ እስኪወጣ ድረስ ሦስት ቀን ተቀመጥን። እታለም የሽፈራውን ጉልበት በሙቅ ውኃ እያጠበች፣ «የብረት ፈረስህን ገብስ ብትሰጠው ኖሮ አይጥልህም ነበር» ትለዋለች። እሱም፣ «እታለም፣ እርስዎ ይስጡትና እንየው» ይላታል። ከሷ ጋር በአንድ ቀን ተዋደዱ። አባቴ ግን ዝም ብሏል። ለሽፈራው ማዕድ ሲቀርብ «ብላ» ይለዋል፤ ለእኔ «እህል ቅመሺ» ይለኛል፤ ሌላ ቃል የለም። ሜዳው ላይ አማቼ ያለው ለሟቹ ክብር ብሎ፣ ለቅሶው እንዳይበላሽ ብሎ ይሆናል እያልሁ አስብ ነበር። በአደባባይ የተነገረ ቃል ቤት ሲገባ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ስድስቱን ደብዳቤዎቼን ሳጥን ውስጥ አገኘኋቸው፤ ሁሉም ተከፍተዋል፤ እጥፋታቸው ሣሥቷል። ስለነሱም አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጓዛችንን ስናስር አባቴ ፈረሱን ጫነ። አበረም በፈረሱ መጣ። በእኛ ደንብ እንግዳ እስከ ከተማው መውጫ ይሸኛል። እኛ በብስክሌት፣ እነሱ በፈረስ፣ እንደ አንድ ቤት ሰው ጎን ለጎን ወጣን። ከመውጫው ድልድይ ስንደርስ አበረ ወርዶ ብስክሌቴን ዞሮ ዞሮ አያት። «ይታይሽ፣» አለኝ፣ ከመጣሁ ስሜን ሲጠራ የመጀመሪያው ነው፣ «እኔን ብታገቢ ኖሮ በዚህ ነገር ላይ ልትሰቅይኝ ነበር ማለት ነው።» «አንተ ፈረስ አለህ፤ ማን ይሰቅልሃል» አልሁት። «ባልሽ አጋላለቡ አያምርም» አለ። «አወዳደቁ ግን ወግ አለው። በሁለተኛው ዙር የሚሸሽ መስሎኝ ነበር።» ሽፈራው፣ «እኔም መስሎኝ ነበር» አለው። አበረ ሣቀ። ሚስትና ሁለት ልጅ እንዳለው የነገረኝም ያን ጊዜ ነው።

አባቴ ከፈረሱ አልወረደም። ፈረሱን ወደኔ አስጠጋና፣ ሽፈራው እንዳይሰማ ነው፣ በአዊኛ ተናገረኝ። «ያኔ አንቺ ሄድሽ እንጂ እኔ አልሰጠሁሽም» አለ። «ዛሬ ሰጥቼሻለሁ። ፈረስ ላይ ነኝ።» ከዚያ ፈረሱን አዙሮ፣ ዞር ሳይል ወደ ዳንግላ ሄደ። ሽፈራው፣ «ምን አሉሽ?» አለኝ። ልነግረው ብጀምር መንገዱ መካከል ተቀምጬ ማልቀሴ ነው፤ «ከመራዊ ወዲህ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ተጠንቀቁ ነው ያለው» አልሁት። እስከ መራዊ ተጠንቅቆ ነዳ። መንገዱ ደረቅ ነበር።

ዓባይ ከጣና ሲወጣም አየን፤ ደስ አለን፤ ስለሱ ብዙ ሰው ጽፎታል። አባቴም ከዚያ በኋላ ሁለት ልጆቼን አቅፏል። የተናገረኝን ግን ለሽፈራው ሳልነግረው ስንት ዓመት ኖርን። የደበቅሁት አይደለም፤ የአባቴ ቃል እንደ ንዋይ ለብቻዬ እንዲቀመጥልኝ ወድጄ ነው። የነገርሁት ባለፈው ዓመት፣ ከአልጋ ከዋለ በኋላ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ተቀምጬ ቃል በቃል ነገርሁት። ጣሪያውን እያየ ሰማኝ።

«እንግዲያው እነዚያን አራት ዓመታት ካልተሰጠችኝ የሰው ልጅ ጋር ነው የኖርኩት» አለኝ።

«አዎን» አልሁት።

«ስጡኝ ብዬ እንኳ አልጠየቅኳቸውም።»

«ሦስት ዙር ዞርህ።»

ዓይኑን ወደኔ መለሰ። «በሁለተኛው ወድቄያለሁ» አለ። «ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል» አልሁት።